ከማሽኑ በፊት መናበብን እናስተምር

በሻኪሶ ከተማ በአንድ የወርቅ መግዣ ሱቅ ሁለት ጸሐፊዎች አንድ መዝገብ ይጋራሉ እንበል። መዝገቡ የዕለቱ ግዥ 50 ግራም መሆኑን ያሳያል። አንደኛው ጸሐፊ 10 ግራም፣ ሁለተኛው 20 ግራም ወርቅ ይረከቡና በአንድ ቅጽበት መዝገቡን ይመለከታሉ፤ ሁለቱም 50 የሚለውን ያነባሉ። አንደኛው ደምሮ 60 ብሎ ይጽፋል፤ ሁለተኛውም ባነበበው ላይ ደምሮ፣ የባልደረባውን ሰርዞ 70 ብሎ ይጽፋል። በካዝናው ውስጥ ያለው ወርቅ ግን 80 ግራም ነው። ከሁለቱ አንዳቸውም መደመር አልተሳሳቱም፤ የጎደለው መናበብ ነው።

አንድን ሥራ ለብዙ ሂደቶች ከፋፍሎ ጎን ለጎን ማሠራት ትይዩ ስሌት ይባላል፤ ከብርቱ ችግሮቹም አንዱ ይኸው ነው። ጉዳዩ የጥቂት ሊቃውንት ብቻ መስሎ የሚታያቸው ይኖራሉ። እኛ ግን እንዲህ አናምንም። እስከ 2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ድረስ የፕሮሰሰሮች ምት በየጊዜው ይፈጥን ነበር። ከዚያ ወዲህ ፍጥነቱ የሚያስከትለው ሙቀት አስቸጋሪ በመሆኑ አምራቾች በአንድ ቺፕ ላይ በርካታ ኮሮችን መደርደር ያዙ። ዛሬ ተማሪው በኪሱ የሚይዘው ስማርት ስልክ እንኳ ባለ ብዙ ኮር ነው።

ለዚህ ችግር ሁለት ዐበይት መፍትሔዎች አሉ። የመጀመሪያው መቆለፍ ነው፤ አንዱ መዝገቡን አንብቦ፣ ደምሮ፣ ጽፎ እስኪጨርስ ሌላው ይጠብቃል። ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ የዚህን መቆለፊያ ሥርዓት መሠረት ጥለዋል። ሁለተኛው መዝገብ መጋራትን ትቶ መልእክት መለዋወጥ ነው። ቶኒ ሆር እ.ኤ.አ. በ1978 ባቀረቡት ሥርዓት ላኪና ተቀባይ እርስ በርስ ይጠባበቃሉ፤ ተቀባዩ ካልተዘጋጀ ላኪው ባለበት ይቆማል።

የዚህን ሁለተኛ መንገድ ምሳሌ ለማየት ከሻኪሶ ወደ ደቡብ ወርዶ በዱብሉቅ አካባቢ የሚገኙትን የቦረና ቱላ ጉድጓዶች መመልከት ይበቃል። ሰዎች በጥልቁ ጉድጓድ ውስጥ አንዱ ከሌላው በላይ ቆመው ውሃ ይቀባበላሉ፤ ሙሉው ባልዲ ይወጣል፣ ባዶው ይወርዳል። እጆቻቸውን የሚያናብበው በኅብረት የሚያዜሙት ዜማ ነው። ከላይ ደግሞ ከብቶች የሚጠጡበትን ተራ አባ ሄሬጋ የሚባለው ኃላፊ ይቆጣጠራል። ከሰዎቹ አንዱ ቢዘገይ ሰንሰለቱ በሙሉ ይዘገያል። የላይኛው «መጀመሪያ ሙሉውን ስጠኝ»፣ የታችኛው «መጀመሪያ ባዶውን አውርድልኝ» ብለው ቢጠባበቁ ደግሞ ሁለቱም ቆመው ይቀራሉ፤ ከብቱም ሳይጠጣ ይውላል። የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ይህን ዴድሎክ ይሉታል። መድኃኒቱ ማን እንደሚቀድም አስቀድሞ መወሰን ነው።

ንጽጽሩ ግን ወሰን አለው። የዜማው ምት በጉድጓዱ ውስጥ ላሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ የደረሰ ያህል ነው። በኮምፒዩተር ግን የተፈጥሮ ሕግ ይህን አይፈቅድም። ብርሃን በአንድ ናኖ ሰከንድ የሚጓዘው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በሰከንድ 3 ቢሊዮን ጊዜ በሚመታ ፕሮሰሰር ሁለት ምቶች መካከል ከ10 ሳንቲ ሜትር አያልፍም። ስለሆነም አዳራሽ በሚሞላ ማሽን ውስጥ ለሁሉም እኩል የሚደርስ «አሁን» የለም። ሌዝሊ ላምፖርት እ.ኤ.አ. በ1978 እንዳስረዱት፣ በእንዲህ ያለ ሥርዓት የክስተቶች ቅደም ተከተል የሚታወቀው ከመልእክቶቹ ነው፤ መልእክት ከመላኩ በፊት ሊደርስ አይችልምና።

ይህ ሁሉ ለአገራችን ምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። መልሳችን ከዚያው ከቆላው ምድር ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተስተጓጉለው የቦረና አርብቶ አደር ከብቱን አጥቷል። የአየር ጠባይ ትንበያ የሚሰላው ደግሞ በትይዩ ስሌት ነው። ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተሙት መጽሐፍ 64,000 ሰዎች በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው የዓለምን አየር ጠባይ በእጅ ሲያሰሉ በሐሳባቸው ሥለው ነበር፤ መሪው ለቀደሙት ቀላ ያለ፣ ለዘገዩት ሰማያዊ ብርሃን እያበራ ያናብባቸዋል። ዛሬ በሰዎቹ ቦታ ፕሮሰሰሮች ገብተዋል። የጉጂን ሰማይ የሚያሰላው ሂደት የድንበሩን ነፋስና እርጥበት፣ የቦረናን ሰማይ ለሚያሰላው ጎረቤቱ በየእርምጃው ያቀብላል። ጎረቤቱ ሳይጠብቅ ያለፈውን እርምጃ ቁጥር ቢወስድ ትንበያው ይበላሻል።

«ችግራችን የማሽን እጥረት ነው፤ መጀመሪያ ይገዛ» የሚሉ ወገኖች አሉ። እጥረቱን አንክድም። ነገር ግን ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 ያነሡት ክርክር ሊዘነጋ አይገባም፦ ከሥራው አንድ አሥረኛው በተራ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ፕሮሰሰሩ ሺህም ሆነ ሚሊዮን ቢሆን ፍጥነቱ ከ10 እጥፍ አያልፍም። በዚህ ላይ የመጠባበቁ ጊዜ ሲታከል ጥቅሙ ከዚያም ያንሳል። ሥራን እንዴት እንደሚከፋፍልና የት እንደሚያገናኝ የማያውቅ ባለሙያ በእጁ የገባው ውድ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ይውላል።

ስለዚህ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የፕሮግራም አጻጻፍ ትምህርት ገና ከመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ አንድ የመናበብ መልመጃ ሊኖረው ይገባል እንላለን። ለዚህ አራት ኮር ያለው ተራ ላፕቶፕና በነፃ የሚገኝ የመልእክት መለዋወጫ ሶፍትዌር ይበቃሉ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም በክፍላቸው ተሰልፈው ደብተር እየተቀባበሉ ዴድሎክን በዓይናቸው ሊያዩ ይችላሉ።

ኮምፒዩተር የሚያገኝ አንባቢ ደግሞ ይህን ይሞክር። በሲ ቋንቋ አንድ የጋራ ቁጥር ላይ ሁለት ሂደቶች ያለ ቁልፍ እያንዳንዳቸው 100,000 ጊዜ አንድ አንድ እንዲደምሩ ያድርግ። 200,000 ሊሆን የሚገባው ድምር ብዙ ጊዜ አንሶ ይገኛል፤ ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥርም የተለየ ቁጥር ሊያወጣ ይችላል። ቀጥሎ ቁልፉን ያስገባና ድምሩንም የፈጀውንም ጊዜ ይመዝግብ። የመናበብ ዋጋም ጥቅምም በእነዚያ ሁለት ቁጥሮች ላይ ይታያል።