ፀሐይን አትክሰሷት

በከተማችን በድሬዳዋ ለጥፋት ሁሉ አንድ ተከሳሽ አለ፦ ሙቀት። ፋይል ጠፋ? ሙቀቱ ነው። ሠራተኛው ከምሳ አልተመለሰም? ሙቀቱ ነው። የሰርጉ ኬክ ተንጋደደ? እሱ እንኳ እውነትም ሙቀቱ ነው። በዚህ ሳምንት ግን ወደ ሐረር የተሳፈርኩባት ሚኒባስ ደንገጎ ዳገት ላይ እንፋሎት እየተፋች ስትቆም፣ ሹፌሩ ወንበሩን አንስቶ ሞተሩን እንኳ ሳያይ «ሙቀቱ ነው አቦ!» ሲል ትዕግሥቴ አለቀ።

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደንገጎ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። ይህ ሁሉ ከፍታ የሚወጣው በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፤ በወጣን ቁጥር ደግሞ አየሩ ይቀዘቅዛል። ከድሬ በካናቴራ የተነሳ ሰው እዚያ ሲደርስ ጃኬት ያምረዋል። ጥፋቱ የፀሐይ ቢሆን ኖሮ መኪናዋ መፍላት የነበረባት እዚሁ ታች፣ ተራ ስትጠብቅ ነበር። ከጅቡቲ በረሃ ጭነው በየቀኑ የሚገቡት ተሳቢዎችስ ምን ይበሉ?

ጋቢና ነበርኩ። ዶልፊን ሚኒባስ የሚያውቅ ያውቃል፤ ሞተሩ ከመቀመጫችሁ ሥር ስለሆነ ጌጁ ሳይናገር ገላችሁ ይሰማል። ጌጁ ቀዩ ጋ ደርሶ ጥቂት ቆየና ድንገት ቁልቁል ወረደ። ሹፌሩ ደስ አለው፤ «ይኸው፣ ቀዘቀዘች!» ብሎ ነዳጅ ረገጠ። ቀዝቅዛ አልነበረም። ውሃው ከማለቁ የተነሳ ሙቀት ለኪው ሴንሰር ደረቅ ላይ ቀርቶ ነው። ጌጅ ቀይ ሲነካ ከሚያስፈራው በላይ፣ ዳገት መሀል ያለ ምክንያት ሲወርድ ሊያስፈራን ይገባል።

ስንቆም ረዳቱ ጨርቅ ይዞ ወደ ራዲያተሩ ክዳን ሮጠ። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት «አንተ ልጅ! ፊትህን ልትቀቅል ነው እንዴ? ተወው ይብረድ!» ብለው አስቆሙት። በዚያ መኪና ውስጥ ስለ ሞተር ከተባለው ሁሉ ትክክሉ ይኸው ነበር። ደግሞም ሞተሩ እንደጋለ ቀዝቃዛ ውሃ ቢቸለስበት ቴስታታው ሊሰነጠቅ ይችላል።

ከበረደ በኋላ ክዳኑን ተቀብዬ ገለበጥኩት። ላዩ ላይ 0.9 ተጽፎበታል። ሥሩ ያለው ጎማ ደርቆ ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል፤ ስፕሪንጉን በአውራ ጣቴ ስጫነው ያለ ትግል ገባ። ሰዎቻችን ይህን ነገር እንደ ማሰሮ ክዳን ነው የሚያዩት፤ ከጠፋ የሌላ መኪና ይገጠማል፣ ያም ካልተገኘ ጨርቅ ይወተፋል። ሥራው ግን ውሃውን አፍኖ መያዝ ነው። ክፍት ውሃ ድሬ ላይ 96 ዲግሪ ገደማ፣ ደንገጎ ላይ ደግሞ 93 ገደማ ሲሆን ይፈላል። ደህና ክዳን ያፈነው ውሃ ግን እዚያው ደንገጎ ላይ ከ110 ዲግሪ በላይም ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ የሞተ መኪና እንግዲህ ከፍ ባለ ቁጥር ለመፍላት እየቀረበ ነው የሚሄደው።

አሁን ወደ አሮጌው ጸቤ። ሹፌሩን «ቴርሞስታት አለው?» አልኩት። «እሱማ ድሮ ነው ያወጡት። ለሙቀት አገር ምን ይሠራል?» አለኝ። ይህን ዓምድ የሚከታተሉ ሰዎች ደሜ እንዴት እንደሚፈላ ያውቃሉ። መካኒኮቻችን ቴርሞስታት ሲያወጡ ትርፍ አንጀት የቆረጡ ይመስላቸዋል። ይህች በሰም የምትሠራ ትንሽ በር፣ 82 ወይም 88 የሚል ቁጥር የተጻፈባት፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ከራዲያተር ታግዳለች፤ ሲሞቅ ትከፍታለች። በአንዳንድ ሞተር ላይ ደግሞ ሥሯ ሁለተኛ ሳህን አለ፤ ላይኛው በር ሲከፈት፣ ውሃው ራዲያተር ሳይደርስ በአቋራጭ ወደ ሞተር የሚመለስበትን ቀዳዳ የሚዘጋው እሱ ነው። አውጥታችሁ ስትጥሏት አቋራጩ እንደተከፈተ ይቀራል፤ የጋለው ውሃ ከፊሉ ራዲያተር ሳያይ ይመለሳል። ለማቀዝቀዝ ተብሎ የወጣው ዕቃ ሞተሩን ያሞቃል ማለት ነው። አቋራጭ በሌለበት ሞተር ደግሞ በብርድ አገር ሞተሩ ሙቀቱን ሳያገኝ ውሎ ነዳጅ ይበላል። ሐረር ላይ ማለዳ መኪና ያስነሳ ሰው ይመስክር። «እኔ 20 ዓመት አውጥቼ ምንም አልሆንኩም» የሚለኝ አይጠፋም። ያለ ራስ ቁር ሞተር ብስክሌት የሚነዳውም ይህንኑ ይላል።

የእኛን ውሃ ደግሞ ማን ሊከሰው ይደፍራል? የድሬ ውሃ ከኖራ ድንጋይ የሚወጣ ነው። በየቤታችሁ የማንቆርቆሪያውን ሆድ እዩት፤ ነጭ ቅርፊት ለብሷል። ያው ውሃ በየሳምንቱ ራዲያተር ውስጥ ሲጨመር ቅርፊቱ ቀጫጭኖቹን ቱቦዎች ይለብሳል፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ባለፈው አንድ ራዲያተር ሠሪ ጋ ቆሜ የአንዱን ራዲያተር ራስ በችቦ አቅልጦ ሲከፍት አየሁ፤ ከቱቦዎቹ ግማሽ ያህሉ በነጭ ድንጋይ ተደፍነዋል። ቀጭን ብረት እየሰደደ ሲጠረጥር እንደ ኖራ የሚፈረፈረው አቧራ እግሩ ሥር ይከመራል። ኩላንት ግዙ ስል «ውድ ነው» እባላለሁ። ቴስታታ ማሳጠብና ጋርኒሲዮን መቀየር ርካሽ ሆኖ ነው?

ለነገሩ መኪናዋ ራሷ ታወራለች። ከተማ ውስጥ ስታዘግም ሞቃ፣ ሜዳ ላይ ስትፈጥን ከበረደች ቬንትሌተሩን ወይም ቺንጋውን እዩ። ስትፈጥንና ዳገት ስትወጣ ከሞቀች ራዲያተሩ አልፈቀደም። የራዲያተሩ የላይኛው ጎማ ቱቦ እሳት ሆኖ የታቹ ከቀዘቀዘ ውሃው አልዞረም። የሚያንጠባጥብበት ሳይታይ ውሃ እየበላች ነጭ ጭስ ከተፋች፣ የዘይቱ ማያ ዘንግ ሲወጣም ማኪያቶ ከመሰለ፣ ያን ጊዜ ልብስ ሸጦም ቢሆን ጋራዥ ነው። ባጃጅ ብቻ ናት ከዚህ ሁሉ የዳነችው፤ ራዲያተር የላትም፣ ነፋስ ይበቃታል።

አሮጌዋ ፔጆ 404ም ትመስክርልኝ። የሐረርና የድሬ ታክሲ ሆና ስንቱን ያመላለሰች መኪና፣ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1963፣ 1966፣ 1967 እና 1968 አሸንፋለች። ቬንትሌተሯ ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ እንዲዞር ተደርጎ የተሠራ ነበር። ሙቀትን የሚያውቅ ሰው እንዲህ አስቦ ይሠራል እንጂ ዕቃ አውጥቶ አይጥልም።

ደግሞ ዳገቱን መናቅ ለድሬ ልጅ አያምርበትም። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር። ያ ገደል አስቸገረና ሐዲዱ በታች በኩል ዞረ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሜዳው ላይ ሲደርስ በቦታው አዲስ ሐረር የተባለች ከተማ ተቆረቆረች። ይህቺው የእኛዋ ናት። ሞተር ዳገት ስለፈራ የተወለደች ከተማ ልጅ፣ በተሰነጠቀ ክዳንና በጎደለ ውሃ ያንኑ ዳገት ሙሉ ሰው ጭኖ ይወጣል።

ሙሉ ስል ሙሉ ማለቴ አይደለም፤ በርጩማ ላይ የተቀመጡትንም ቁጠሩ። እዚህ ላይ ነው ሐሳቤ ሳላስበው ከጋራዥ ወጥቶ መናኸሪያ የገባው። ማለዳ ተራ የደረሰውና ቀትር ላይ ተራ የደረሰው ሹፌር የሚጭኑት እኩል ነው። ከተማው ሁሉ ሽርጥ አገልድሞ በሚጋደምበት ሰዓት ሚኒባሷ ከነትርፏ ትላካለች። ውሃው ተሞልቶ ቀስ እያልን ስንወጣ ለሹፌሩ ምክር ቢጤ ወረወርኩለት፤ ክዳኑን ቀይር፣ ቴርሞስታቱን አስመልስ፣ እስከዚያው ቀትር ላይ ቢያንስ ሁለቱን ትርፍ ሰዎች ተው አልኩት።

በመስታወቱ ትንሽ አየኝና፣ «የሁለቱን ሒሳብ አንተ ትከፍላለህ?» አለኝ።