ጣሪያ ሳይለብስ ግንበኛ ማባረር

ከመገናኛ ወደ ገርጂ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ስለ ብሔራዊ ቡድናችን ወሬ ከተነሳ ኢምፔሪያል ሳይደርስ ያልቃል። አንዱ «ችግሩ አሰልጣኙ ነው» ይላል፤ ሌላው «ልክ ነህ፣ ማባረር ነው» ይላል፤ ረዳቱ «ሂሳብ!» ይላል። ሁሉም ይስማማል፣ ሁሉም ከፍሎ ይወርዳል። እኛም ለዓመታት እንዲሁ ስንስማማና ስንወርድ ኖረናል። ዛሬ ግን አንስማማም።

ክርክራችን አጭር ነው። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ2006 ዓ.ም. አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻውን ማሰናበቱ ስህተት ነበር። ከስህተቱ የባሰው ደግሞ ልማድ ሆኖ መቅረቱ ነው። «ከአሥር ዓመት በላይ ያለፈውን ነገር ምን አስነሳባችሁ?» ትሉን ይሆናል። ያስነሳብን ያው ነገር በሌሎች ስሞች ደጋግሞ መምጣቱ ነው። ነገም መምጣቱ አይቀርም።

ለዘነጋችሁ እናስታውስ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ስታዲየም። ዋልያዎቹ ኦምዱርማን ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፈው ነው የመጡት። በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰኢድ ጎሎች 2 ለ 0 አሸነፉ። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነና ከሜዳችን ውጪ ባስቆጠርናቸው ሦስት ጎሎች አለፍን። ከ31 ዓመት በኋላ የአፍሪካ ዋንጫ! እኛ ያኔ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን፤ የ1974ቱን የሊቢያ ውድድር የምናውቀው አባቶቻችን ሲያወሩ ሰምተን ነው። የቦሌ መንገድ በዚያ ሰሞን ለግንባታ ተቆፋፍሮ አቧራው አያስኬድም ነበር። ያን ምሽት ግን ስለ አቧራው ያማረረ ሰው አላየንም።

ከዚያ ጥር መጣ። ደቡብ አፍሪካ ላይ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ወጣን፤ ያውም በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጥቶ፣ በ10 ሰው፣ አዳነ ግርማ ባገባት ጎል። ቀጥሎ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፍን። ያሸነፉን ሁለቱ ቡድኖች እነማን ነበሩ? የዚያ ዓመት የፍፃሜ ተፋላሚዎች! ዋንጫውን ናይጄሪያ ወሰደች፣ ቡርኪና ፋሶ ሁለተኛ ሆነች።

የዓለም ዋንጫ ማጣሪያውም አለ። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን እዚሁ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 አሸነፍን። ዘፈኑ ሳያልቅ ከፊፋ ሌላ ዜና መጣ። በሁለት ቢጫ ካርድ ምክንያት መቀመጥ የነበረበት ምንያህል ተሾመ ቦትስዋና ላይ ተሰልፎ ስለነበር ያሸነፍነው ጨዋታ ተሰረዘ፣ ሦስት ነጥብ ተቀነሰ። ስህተቱን ፌዴሬሽኑ ራሱ አምኗል። ቡድኑ ግን በዚህ አልወደቀም። ማዕከላዊ አፍሪካን አሸንፎ ምድቡን በ13 ነጥብ በመሪነት ጨረሰና ከአፍሪካ የመጨረሻዎቹ አሥር ውስጥ ገባ። ጥቅምት ላይ አዲስ አበባ ውስጥ በናይጄሪያ 2 ለ 1፣ ኅዳር ላይ ካላባር ውስጥ 2 ለ 0 ተሸነፈ። ብራዚል የቀረችብን በሁለት ጨዋታ ነው።

ከዚያ ሁለት ወር አልፎ ቻን መጣ። በጥር 2006 ዓ.ም. ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት ሽንፈት፣ ዜሮ ጎል። ሊቢያ 2 ለ 0፣ ኮንጎ 1 ለ 0፣ ጋና 1 ለ 0። ብዙም ሳይቆይ ሰውነት ቢሻው ተሰናበቱ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ቻን ምንድን ነው? በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ብቻ የሚሰለፉበት ውድድር ነው። ሳላዲን ሰኢድና ጌታነህ ከበደ ያኔ በውጭ ክለቦች ነበሩ፤ ስለዚህ ደንቡ ራሱ ያግዳቸዋል። ለአፍሪካ ዋንጫና ለዓለም ዋንጫ ደጃፍ ያደረሱትን ሁለት አጥቂዎች ከአሰልጣኙ እጅ ወስዶ «ለምን ጎል አላገባህም?» ብሎ መጠየቅ ምን ዓይነት ፈተና ነው? በሦስቱ ጨዋታ የተቆጠረብን አራት ጎል ነው። ሦስት ጎል የት እንደጠፋ ለማወቅ ደግሞ የአውሮፕላን ትኬት ዝርዝሩን ማየት ይበቃል።

የማሰናበቱ ደጋፊዎች ጠንካራ ክርክር አላቸው፤ እንደብቀው አንልም። «የሰውነት ቡድን ለጥቂት ወራት ሞቆ የቀዘቀዘ ቡድን ነው» ይላሉ። «ቤኒንን ያለፈው ከሜዳ ውጪ በተገባ ጎል፣ ሱዳንንም እንዲሁ። ዕድል ነው እንጂ ሥራ አይደለም።»

እሺ፣ እንቀበል። ዕድል ከነበረ፣ ጥር 2006 ላይ የጠፋው ዕድሉ ነው፤ ዕድል ስለጠፋ ሰው አይባረርም። ሥራ ከነበረ ደግሞ በ31 ዓመት ውስጥ ማንም ያልሠራውን የሠራ ሰው በሦስት ጨዋታ አይሸኝም። በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ ስንብቱ ላይ አትደርሱም። ወደ ስንብቱ የሚያደርሰው መንገድ አንድ ብቻ ነው። ማሸነፍ ሲመጣ «የአመራሩ ስኬት»፣ መሸነፍ ሲመጣ «የአሰልጣኙ ችግር» የሚለው።

ሰውነት ቢሻው እንከን የለሽ ነበሩ እያልን አይደለም። በቡርኪና ፋሶ አራት ጎል የተቆጠረበት ቡድን የራሳቸው ነው፤ የሚጠየቁበት ነገር ነበረ። ይጠየቁ ነበር፣ ይታረሙ ነበር። መጠየቅና መባረር ግን አንድ አይደሉም።

«መልሶ ግንባታ» የሚለው ቃል በፌዴሬሽኑም በስፖርት ጋዜጠኛውም አፍ ላይ አይጠፋም። እኛ የምንኖረው በከተማዋ ምሥራቅ ነው፤ ከጉርድ ሾላ እስከ አያት፣ ከቦሌ እስከ ሰሚት ዓይናችንን ብንጨፍን እንኳ የምንሰማው የግንባታ ድምፅ ነው። ስለዚህ ግንባታ ምን እንደሆነ በመጠኑ እናውቃለን። መሠረት ይቆፈራል፣ ብረት ይታሰራል፣ ኮንክሪት ይሞላል፣ እስኪደርቅ ይጠበቃል። የሦስተኛው ፎቅ አምድ ዘገየ ብሎ የመጀመሪያውን ፎቅ የሚያፈርስ ባለቤት ግን አይተን አናውቅም። እዚሁ ቦሌ ክፍለ ከተማ ውስጥ ከ60 ሺህ በላይ ሰው እንዲይዝ የታቀደው የአደይ አበባ ስታዲየም ግንባታ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ለዓመታት ታግሰነዋል። ለሲሚንቶ ያለን ትዕግሥት ለሰው ሲሆን ለምን ያልቅብናል?

ከሰውነት በኋላ የሆነውን እንቁጠር። በሚያዝያ 2006 ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጡ። ባማኮ ላይ ማሊን 3 ለ 2 ያሸነፈ ቡድን ነበራቸው፤ ጨፈርን። ለአፍሪካ ዋንጫ አላለፉምና አንድ ዓመት ያህል ቆይተው ተሰናበቱ። ዮሐንስ ሳህሌ ተተኩ። መጋቢት 2008 ብሊዳ ላይ በአልጄሪያ 7 ለ 1 ተሸነፍን፤ ከአራት ቀን በኋላ እዚሁ አዲስ አበባ ከዚያው አልጄሪያ ጋር 3 ለ 3 ወጣን፤ እሳቸውም ብዙ አልቆዩም። ገብረመድኅን ኃይሌ መጡ፣ ሄዱ። አሸናፊ በቀለ መጡ፤ ኩማሲ ላይ በጋና 5 ለ 0፣ ሄዱ። አብርሃም መብራቱ መጡ፤ ኅዳር 2012 ባሕር ዳር ላይ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 አሸነፉ፤ ኮንትራታቸው ሳይታደስ ቀረ። ውበቱ አባተ ያንኑ ማጣሪያ ተረክበው መጋቢት 2013 ላይ ለአፍሪካ ዋንጫ አሳለፉን። ግድግዳውን አንዱ ሠራ፣ ጣሪያውን ሌላው አለበሰ፤ ፎቶ ላይ የቆመው ሁለተኛው ብቻ ነው።

ጣሪያ ያለበሱት ሰውስ ተረፉ? ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ውበቱ የአፍሪካ ሁለተኛ የነበረችውን ግብፅን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች 2 ለ 0 አሸነፉ። የት? ሊሎንግዌ፣ ማላዊ። የካፍን መስፈርት የሚያሟላ አንድ ሜዳ አገራችን ውስጥ ስላልተገኘ «የሜዳችንን» ጨዋታ በሰው አገር ተጫወትን። ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ መጋቢት 2015 ላይ፣ አሁንም በሰው አገር፣ ሞሮኮ ውስጥ፣ በጊኒ ሁለት ጊዜ ተከታትለን ተሸነፍን፤ 2 ለ 0 እና 3 ለ 2። ብዙም ሳይቆይ ውበቱና ፌዴሬሽኑ ተለያዩ። ሜዳ ያጣው አሰልጣኝ ሄደ። ሜዳ ያጣንበት ምክንያትስ? እሱ አልሄደም።

ከ2006 እስከ 2015 ዓ.ም. ዘጠኝ ዓመት ነው፤ በእነዚህ ዓመታት ስድስት አሰልጣኝ ቀይረናል። ከሰውነት በፊትም ልማዱ ነበረ። ኢፊ ኦኑራና ቶም ሴንትፊት ሁለቱም ዓመት ሳይሞላቸው ነው የሄዱት።

አሁን ሴኔጋልን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2015 አሊዩ ሲሴን ሾሙ። በ2017 የአፍሪካ ዋንጫ ከሩብ ፍፃሜ ወደቁ፤ አላባረሩትም። በ2019 ፍፃሜ ደርሰው በአልጄሪያ ተሸነፉ፤ አገር አለቀሰ፣ አላባረሩትም። በ2022 መጀመሪያ የአገራቸውን የመጀመሪያ የአፍሪካ ዋንጫ ይዘው ዳካር ገቡ። «እነሱ እኮ እነ ማኔ አላቸው» ትላላችሁ። እውነት ነው። ግን እነ ማኔ ከሲሴ በፊትም ነበሩ፤ የተጨመረው ነገር ጊዜ ነው። ጊዜ ደግሞ ከአውሮፓ በዶላር የሚገዛ ዕቃ አይደለም፤ እኛም ልንሰጠው የምንችለው ብቸኛ ነገር እሱ ነበር።

ጣታችንን ወደ ፌዴሬሽኑ ብቻ ቀስረን ብንጨርስ ግን ውሸታሞች እንሆናለን። ከዚያች መጋቢት ትዝታ አለን። ጋዜጠኝነት ስንማር ለልምምድ በወጣንበት አንድ የሬዲዮ ጣቢያ፣ የጊኒው ሁለተኛ ጨዋታ ባለቀ ማግስት የቀጥታ ስልክ ተከፈተ። ጥያቄው «አሰልጣኙ ይሂድ ወይስ ይቆይ?» የሚል ነበር። ስልክ የምናነሳው እኛ ነበርን። ስም እየጻፍን፣ «ይሂድ» በሚለው ዓምድ መስመር እያሰመርን አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጥን። ዓምዱ ሞላ፤ ወረቀት ገለበጥን። «ማን ይተካ?» ብሎ የጠየቀ አድማጭ አልነበረም። «ሜዳ ለምን የለንም?» የሚል ጥያቄ እኛም ለአዘጋጁ አላቀበልንም። ያው ጣቢያ ሰኔ ላይ ያንኑ ሰው ጀግና ብሎ ዘፈን ሲለቅ ነበር። ፌዴሬሽኑ ሲቆርጥ ቢላዋውን የሚያቀብለው ማን ነው ብላችሁ ከጠየቃችሁን፣ ከአቀባዮቹ መሀል ነበርን።

ስለዚህ ምን ይደረግ? ቅዠት አንጠይቅም። አንደኛ፣ ለብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ የሚሰጥ ኮንትራት ቢያንስ ሁለት የማጣሪያ ዙር ይሁን። ሁለተኛ፣ ሲቀጠር የተሰጠው ግብ በጽሑፍ ለሕዝብ ይገለጽ፤ «ለአፍሪካ ዋንጫ ማለፍ» ከሆነ በቻን አይለካ፣ «ወጣት ማብቃት» ከሆነ በአንድ ምሽት ውጤት አይለካ። ሦስተኛ፣ ሲሰናበት የቴክኒክ ግምገማው አብሮ ይውጣ፤ ምን እንዳጠፋ፣ የሚተካው ምን እንደሚያስተካክል እናንብበው። አራተኛ፣ ሜዳ፣ የታዳጊዎች ውድድርና የካርድ መዝገብ የአመራሩ ሥራ ናቸው፤ አመራሩም በእነሱ ይመዘን።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ልንሸነፍ እንችላለን። አዎ። ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሞክረነው ተሸንፈን አናውቅም። ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. ዋንጫውን የበላች አገር ናት እያልን እንጎርራለን። ከ2005 በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ ዘጠኝ ዓመት ፈጀብን። ከ2014ቱ ውድድር በኋላም የሚቀጥሉት ሁለቱ ያለ እኛ ተካሂደዋል።

አንድ ቀን ዋልያዎቹ እንደገና ይሞቃሉ፤ ይህን አንጠራጠርም። ሁለት ሦስት ትልልቅ ቡድን ያሸንፋሉ፣ የቦሌ መንገድ በሰው ይሞላል፣ እኛም እንወጣለን። ከዚያ እንደ ማንኛውም ቡድን አንድ ክፉ ወር ይመጣል። የዚያን ወር ሚኒባስ ውስጥ «ማባረር ነው» የሚል ድምፅ ስትሰሙ፣ እባካችሁ ከመውረዳችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁልን። «ከዚያስ?»