ታንኳ ላይ ከመውጣትህ በፊት

አንባቢ ሆይ፤ የጋይንት፣ የስማዳ ወይም የእስቴ ልጅ ከሆንህ ውሃን የምታውቀው በድምፁ ነው። ዓባይና በሽሎ በክረምት ሲሞሉ ከሩቅ ያገሳሉ፤ መንገደኛም ሰምቶ ይመለሳል። ለሥራ ወይም ለትምህርት ባሕር ዳር ስትወርድ የምታገኘው ጣና ግን ማለዳ ዝም ብሎ ተኝቶ ይጠብቅሃል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣና ያናውጠዋል። ስለዚህ በደንገል ታንኳ መሄድ ካማረህ በጧት ሂድ፤ ዳር ዳሩንም ያዝ። ታንኳው በፀሐይ መድረቁን ባለቤቱን ጠይቅ፤ ውሃ የጠጣ ደንገል ይከብዳል። ፎቶግራፍ ለመነሣት ብለህ አትቁምበት። ላይፍ ጃኬት የሚሉትን ተንሳፋፊ ሰደርያ ልበስ፤ ሱፍህን ቢያጨማድደውም ግድ የለም። ምናልባት ብትገለበጥ፣ ዳሩ ቅርብ ቢመስልህም፣ ታንኳውን አትልቀቅ፤ ደንገል ተገልብጦም ይንሳፈፋል፤ ፈላጊም ከሰው ራስ ይልቅ ታንኳውን ቶሎ ያያል።