አምቡላንሱ ታጥቧል፤ ውስጡስ?

ለአምቡላንስ ስምሪት ኃላፊዎች፣ ለወረዳና ለክፍለ ከተማ ጤና ጽሕፈት ቤቶች

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። አምቡላንስ በራችን ላይ ሲቆም ታካሚውን ተቀብዬ ቃሬዛውን ባዶውን እመልሳለሁ። ስለዚህ መኪናዎቻችሁን ከውስጥ በኩል አውቃቸዋለሁ።

ከውጭ እንከን የላቸውም። ላቫጆ ገብተው ጎማቸው ሳይቀር አብርቶ ይመጣሉ። የእጥበቱ ደረሰኝ ይወራረዳል፤ ኃላፊውም መኪናው መንጣቱን አይቶ ይፈርማል። የኋላው በር ሲከፈት ግን በፍራሹ ስፌት ውስጥ የደረቀ ደም አለ። የእንሽርት ውሃ በመጥረጊያ ተገፍቶ የሄደበት መስመር ወለሉ ላይ ይታያል። የደም ግፊት መለኪያው ጨርቅ ከክንድ ወደ ክንድ ሲዞር ውሏል፤ የኦክስጅን ሲሊንደሩን መክፈቻ የሚወለውል የለም። ይህን ሁሉ የነካ ጓንት ሳይወልቅ የበሩን እጀታ ይይዛል። ሹፌሩም ያንኑ እጀታ ይዞ መሪውን ይጨብጣል፣ ስልኩን ያነሣል፣ መንገድ ላይ ዳቦ ይቆርሳል። ውስጡም ይታጠብ ሲባል ደሙን በግፊት ውሃ የሚረጩት የላቫጆ ልጆች ናቸው፤ ያውም በባዶ እጃቸው። ስለ እነሱ የሚጠየቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ይህን የሹፌሩ ወይም የባለሙያው ስንፍና አድርጋችሁ እንዳትወስዱብኝ። በስምሪት መዝገባችሁ መኪናው ታካሚ ካወረደበት ደቂቃ ጀምሮ «ነጻ» ተብሎ ይያዛል። ለጽዳት የተቆረጠ ጊዜ የለም። ቃሬዛው ሳይደርቅ ስልክ ይጮኻል፤ «ወጣችሁ?» ይባላል። ዘግይቶ የወጣ ይገሠጻል፤ ሳያጸዳ የወጣውን የሚጠይቀው የለም። ሰው ደግሞ የሚጠየቅበትን ሥራ ያስቀድማል።

የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን ሕያው ሆኖ ይቆያል። ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ፣ መድኃኒት የተላመደው ዓይነት ጭምር፣ በደረቅ ዕቃ ላይ ከቀናት እስከ ወራት ይሰነብታል። የሳንባ ነቀርሳ መነካካት እንኳ አያሻውም፤ መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ ሲያስል የመጣው ታካሚ ከወረደ በኋላም አየሩ ውስጥ ይቀራል። አገራችን የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የነቀርሳ ጫና አለባቸው ካላቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ያም ሆኖ አቧራ እንዳይገባ ተብሎ መስኮት ተዘግቶ ይኬዳል።

በረኪና ገዝተናል ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ተገዝቷል። 5 በመቶ ከሆነው አንድ እጁ በዘጠኝ እጅ ውሃ ሲበጠበጥ የሚፈለገው 0.5 በመቶ ይገኛል። ይሁን እንጂ ደሙ አስቀድሞ ካልተጠረገ የክሎሪኑን ኃይል ደሙ ራሱ ይጨርሰዋል። ከተቀባም በኋላ 10 ደቂቃ ያህል መቆየት አለበት፤ ትናንት የተበጠበጠውም ለዛሬ አይሆንም። እኔ የማየው መቼ እንደተበጠበጠ የማይታወቅ፣ በሃይላንድ ተሞልቶ ፀሐይ ላይ የዋለ ውሃ ነው።

በመጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ መኪናው ሁሉ ይረጭ ነበር። በኅዳር 2018 ጂንካ ላይ ማርበርግ መገኘቱ ሲነገር ደግሞ በእኛም በር ጓንት ተደራረበ። ስሙ በዜና የተነገረ በሽታ ሲመጣ ሁላችንም ንጹሕ እንሆናለን። በመርፌ የተወጋ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ኤችአይቪ ነው፤ እሱ የመተላለፍ ዕድሉ ከመቶ 0.3 ገደማ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ግን ላልተከተበ ሰው ከ6 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። ክትባቱ በፔንታቫለንት ተካቶ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ነው፤ ዛሬ መሪ የሚጨብጡት ሹፌሮች ደግሞ ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው። የተከተቡ የጤና ባለሙያዎች አሉ። ሹፌሩ ግን በመደቡ የትራንስፖርት ሠራተኛ ስለሆነ ማንም አያስታውሰውም፤ ቃሬዛውን በአንድ ጫፍ የሚያነሣው እሱ መሆኑን እናንተም ታውቃላችሁ።

መልሳችሁን እገምታለሁ፦ አንዲት አምቡላንስ ባለችበት ወረዳ ምጥ የያዛት እናት ስትጠብቅ ስለ ውልወላ ማውራት ቅንጦት ነው። ይህ ቀላል ክርክር አይደለም፤ በእርግጥም ሰው የሚሞትበት ሰዓት አለ። ዳሩ ግን እጅ የሚበዛባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ እጀታ፣ የቃሬዛ ዳር፣ መሪ፣ መለኪያና መክፈቻ በደቂቃዎች ይወለወላሉ። ደም የፈሰሰበት ጉዞ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ ያቺም እናት በሌላ ሰው ደም ላይ ተኝታ እንድትወልድ የሚፈልግ የለም። ጊዜው ጉዞው ውስጥ ይቆጠር፤ መኪናው «ነጻ» የሚባለውም ሠራተኛው ጽዳቱን ጨርሶ ሲያሳውቅ ይሁን።

ታካሚ ለምንቀበለው ጤና ተቋማትም ድርሻ አለን። የእኛ ጓንትና በረኪና «የእኛ ንብረት» ስለሆነ ለአምቡላንስ ሠራተኛ አይሰጥም፤ የእናንተ መጋዘን ደግሞ ሩቅ ነው። በሁለት ንብረት ክፍሎች መካከል ሰው መታመም የለበትም። በራችን ላይ ቧንቧ፣ የተበጠበጠ ክሎሪንና ሴፍቲ ቦክስ ይቀመጥ፤ ሒሳቡን በኋላ እናወራርዳለን።

አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የላቫጆው ወጪ በተመዘገበበት ገጽ ላይ የ3 ዙር የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ለሹፌሮችና ለባለሙያዎች ይካተት፤ የስም ዝርዝሩንም ከሹፌሮቹ ጀምሩ።

ከአክብሮት ጋር፣
የድንገተኛ ክፍል ነርስ