ለአንድ ድራይቨር ብላችሁ ኮምፒውተራችሁን ፎርማት አታስደርጉ

ጽሑፉ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

ባለፈው ሳምንት ማታ አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ የቤት ኮምፒውተሬ ስክሪኑ ተበላሸ። ጽሑፉ ሁሉ ትልልቅ ሆነ፣ ቪዲዮ ይቆራረጣል። ሠሪው ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም አለኝ፣ ነገ ጠዋት ልሰጠው ነው። ምን ላድርግ?» ኮምፒውተሩ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፉ አለ። ሌላ ቦታ ቅጂ የለውም። «ማንም እንዳይነካው፣ እደውልልሃለሁ» ብዬ መለስኩለት።

ለምን እንደዚያ እንደደነገጥኩ ልንገራችሁ። እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም፣ ዲፕሎማዬም በሒሳብ ነው። ይሄን ነገር ግን ከፍዬበት ተምሬዋለሁ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ የእኔም ኮምፒውተር ልክ እንደዚሁ ሆነ። ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ሁለት ደቂቃ እንኳን ሳያየው «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይፈልጋል» አለኝ። «ፋይል አለህ?» ሲለኝ «ዲ ላይ ነው ያለው» አልኩት። እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

አባቴ ከማረፉ በፊት በነበረው ፋሲካ ቤተሰቡን ሰብስቦ ሲመርቅ በስልኬ ቀርጬው ነበር። ስልኬ ሲሞላብኝ ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ ከስልኩ አጠፋሁት። የገለበጥኩት ግን ዲ ላይ ሳይሆን ዴስክቶፕ ላይ ነበር። ዴስክቶፕ ላይ የምናስቀምጠው ነገር ደግሞ የሚቀመጠው ሲ ውስጥ ነው። ፎርማት ሲደረግ አብሮ ሄደ። የጠፋ ፋይል ይመልሳሉ የሚባሉ ፕሮግራሞችን ሞከርኩ። የፋይሉ ስም ተገኘ፣ ሲከፈት ግን ባዶ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ችግር ተመልሶ መጣ። በዚህኛው ጊዜ ትምህርት ቤታችን አይሲቲ የሚያስተምር ባልደረባዬ ቤት መጥቶ አየልኝ። አንድ መስኮት ከፈተና «የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር ነው የወደቀው» አለ። ከፍላሽ ጫነው። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም፣ አንድም ፋይል አልተነካም። እናቴ ቡና እያቀረበችለት እኔ ጥግ ይዤ ዝም አልኩ። የአባቴ ምርቃት የጠፋው ለሃያ ደቂቃ ሥራ ነው።

ድራይቨር ምንድን ነው ለምትሉኝ፣ አስተርጓሚ ነው። ዊንዶውስና ግራፊክስ ካርዱ በቀጥታ አይግባቡም፣ ድራይቨሩ መሃል ቆሞ ያግባባቸዋል። አስተርጓሚው ሲጠፋ ዊንዶውስ የራሱን ጊዜያዊ አስተርጓሚ ያስገባል። ያኛው ጥቂት ቃላት ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ስክሪኑ ይበራል፣ ግን ጽሑፉ ይገዝፋል፣ ቪዲዮ ይንቀረፈፋል፣ ሁለተኛ ስክሪን ወይም ፕሮጀክተር አልሠራም ሊል ይችላል። አስተርጓሚ ቀረ ተብሎ ግን ቤት አይፈርስም፣ አስተርጓሚ ነው የሚጠራው።

እንዴት ይታወቃል? የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና ኤክስን አንድ ላይ ተጫኑ፣ ዲቫይስ ማናጀርን ክፈቱ፣ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ የሚለውን ዘርጉት። የካርዳችሁ ስም ካለ ጥሩ። «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ካገኛችሁ ያ ጊዜያዊው አስተርጓሚ ነው። የካርዱን ሠሪ ለማወቅ እሱን በቀኝ ክሊክ ፕሮፐርቲስ በሉት፣ ዲቴይልስ ውስጥ ሃርድዌር አይዲስ የሚለውን ምረጡ። «ቬን» ከሚለው ቀጥሎ 8086 ካለ ኢንቴል ነው፣ 1002 ካለ ኤኤምዲ ነው፣ 10 ብሎ ዲ እና ኢ ፊደላትን ካስከተለ ኤንቪዲያ ነው። ያንኑ ሙሉ ኮድ ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉት ብዙ ጊዜ ሞዴሉም ይወጣል።

ድራይቨሩን ከሠሪው ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። ላፕቶፕ ከሆነ መጀመሪያ የላፕቶፑን ሠሪ እዩ፤ ዴል፣ ኤችፒ፣ ሌኖቮ ሁሉም በነፃ ያስቀምጣሉ። ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥም ኦፕሽናል አፕዴትስ በሚለው ሥር ሊገኝ ይችላል። «ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ክሊክ እናድሳለን» የሚሉትን ፕሮግራሞች ግን ተዋቸው። ብዙዎቹ ያልጎደለውን ጎደለ ብለው አስፈራርተው ገንዘብ ይጠይቃሉ። ድራይቨር ገንዘብ አይከፈልበትም። የኤንቪዲያው ከግማሽ ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ፓኬጃችሁን አስባችሁ ግቡበት፣ ወይም ዋይፋይ ያለበት ቦታ በፍላሽ ገልብጡት።

«እሺ ቲቸር፣ ታዲያ በየወሩ እናድስ?» የምትሉ አላችሁ። እኔ አይመስለኝም። የሚሠራን ነገር ያለ ምክንያት አልነካም። አዲስ ጌም ወይም የዲዛይን ፕሮግራም ከጠየቀ፣ ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ካለ፣ ወይም ሠሪው የደኅንነት ቀዳዳ ደፈንኩ ካለ አድሱ። የመጨረሻው እንደ ቀላል አይታይ፣ ድራይቨር ውስጥም ሰርጎ መግቢያ ቀዳዳ ይገኛል። የቆየ ካርድ ያላችሁ ደግሞ አዲስ ስለሆነ ብቻ አትጫኑ። ለምሳሌ ኤንቪዲያ ኬፕለር ለሚባሉት የጂፎርስ ካርዶቹ መደበኛ አዲስ ድራይቨር ማውጣት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ለእነሱ የሚሆነው የዛሬው ሳይሆን የያኔው ነው።

ካደሳችሁ በኋላ ከባሰበት እዚያው ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ፣ ፕሮፐርቲስ ሥር፣ «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚል አለ። ወደ ቀድሞው ይመልሳችኋል፣ ፋይላችሁን አይነካም። ስትጭኑ ደግሞ ላፕቶፑ ቻርጅ ይኑረው። ዴስክቶፕ ከሆነ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት አትጀምሩ።

ጥገና ሠሪዎችን ለመውቀስ አይደለም የጻፍኩት፣ ጠንቃቃና ሐቀኛ የሆኑ አውቃለሁ። ፎርማት ግን ለሠሪው ይቀላል። ማሰብ አይፈልግም፣ ለሁሉም በሽታ አንድ መድኃኒት ነው፣ ዋጋውም የታወቀ ነው። ችግሩን መፈለግ ጊዜ ይወስዳል፣ ለፍለጋ ደግሞ ማናችንም መክፈል አንወድም። እኛም ጥፋት አለብን። «ስንት ነው? መቼ ይደርሳል?» እንላለን እንጂ «ምን ሆኖ ነው?» አንልም። እኔም አላልኩም።

ያስተማርኳችሁ ታስታውሳላችሁ፤ አንድ የመቀነስ ምልክት ስታችሁ መልሱ እምቢ ሲል ገጹን ቀድዳችሁ ልትጥሉ ስትሉ እጃችሁን እይዝ ነበር። «የት መስመር ላይ እንደተሳሳታችሁ ፈልጉ፣ ከላይ ያለው ልክ ነው» እላችሁ ነበር። ተማሪን እንደዚያ እያልኩ የራሴን ገጽ አስቀደድኩ።

ወደ ልጁ ልመለስ። ደወልኩለት። መጀመሪያ ጽሑፉን ፍላሽ ላይ አስገለበጥኩት፤ ያን ሳይጨርስ ሌላ ነገር አልነገርኩትም። ከዚያ ዲቫይስ ማናጀር፣ ከዚያ ቁጥሩ፣ ከዚያ የሠሪው ድረ ገጽ። በስልኩ ሆትስፖት አወረደው። መጫን ሲጀምር ስክሪኑ ድርግም አለበትና «ቲቸር፣ ሞተ!» ብሎ ጮኸ። «ቆይ፣ እንዳትነቅለው» አልኩት። ሲጫን ለጥቂት ሰከንድ መጥቆሩ ያለ ነገር ነው። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ተመለሰ… ቲቸር፣ ጠርቶ ተመለሰ» አለኝ። በነጋታው ሠሪው ጋ አልሄደም።

ስለዚህ ልመናዬ ሁለት ነው። ኮምፒውተራችሁን ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት «ምን ሆኖ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱ ፎርማት ብቻ ከሆነ ሌላ ሰው ያየው። ዛሬ ማታ ደግሞ ዴስክቶፓችሁ ላይ ያለውን እዩና መተኪያ የሌለውን ነገር ፍላሽ ላይ ገልብጡ። ድራይቨር ሁልጊዜም ይወርዳል። የአባቴ ድምፅ ግን የሚወርድበት ድረ ገጽ የለም።