«ጥጥ ላይ የምረግጥ ይመስለኛል»

«እግሬ ደነዘዘ፣ ጥጥ ላይ የምረግጥ ይመስለኛል» የሚሉ እናቶችና አባቶች በመካከላችን ጥቂት አይደሉም። ብዙዎቻችን «ዕድሜ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ለምን ማለፍ እንደሌለብን በዚህ ወር እንይ።

ስንራመድ እርምጃችንን አናስብም። ከአውቶቡስ ወርደን፣ ፌስታል አንጠልጥለን፣ ስልክ እያወራን እንሄዳለን። ይህን ሥራ አእምሮ ብቻውን አይሠራውም። ውስጥ እግራችን መሬቱን ይዳስሳል፤ የባታችን ጡንቻም ምን ያህል እንደተለጠጠና ምን ያህል ክብደት እንደተሸከመ በነርቭ በኩል ለህብለ ሰረሰር ይናገራል። የለንደኑ ተወላጅ ቻርልስ ሼሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1894 እንዳሳየው፣ ወደ ጡንቻ ከሚሄደው ነርቭ ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነው ትእዛዝ የሚያመጣ ሳይሆን ወሬ የሚወስድ ነው። ሼሪንግተን በነርቭ ምርምሩ በ1932 ኖቤል ተሸልሟል።

አንድ እርምጃ እንውሰድ። ተረከዝ መሬት ይነካል፤ ሰውነት በእግሩ ላይ ወደ ፊት ሲያልፍ ባት ይለጠጣል። ያኔ ህብለ ሰረሰር የአእምሮን ትእዛዝ ሳይጠብቅ «ጠንከር በል» ይለዋል። ምላሹ የሚደርሰው በ40 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው፤ ከዓይን ጥቅሻ ይፈጥናል። እግር ከመሬት ሲነሳ ደግሞ ይኸው ምላሽ ይለዝባል፤ ባይለዝብ ጣታችን መሬት እየጫረ ያደናቅፈን ነበር። ሐኪም ከተረከዝ በላይ ያለውን ጅማት በትንሽ መዶሻ መታ የሚያደርገውም ይህ መስመር መሥራቱን ለማየት ነው።

ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር እነዚህን ነርቮች ይጎዳል፤ ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም ከእግር ጣት ነው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም እንዲሁ ያደርጋል፤ ሜትፎርሚን ለዓመታት የሚወስዱ ሰዎች ስለዚህ ጂፒያቸውን ቢጠይቁ ጥሩ ነው። ወሬው ሲቋረጥ ሰው የሚራመደው በዓይኑ ተማምኖ ነው። መብራት ሲጠፋ ወይም ደረጃ ሲወርድ ይንገዳገዳል። ጠጠር ጫማው ውስጥ ገብቶ ቢያቆስለው እንኳ ላያውቅ ይችላል።

በእንግሊዝ ስኳር ያለበት ሰው ከ12 ዓመቱ ጀምሮ በየዓመቱ በኤንኤችኤስ ነጻ የእግር ምርመራ ይደረግለታል። ነርሷ በቀጭን የናይለን ክር እግርዎን ነካ እያደረገች «ይሰማዎታል?» ትላለች። እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም፤ ካልተሰማዎት «አልተሰማኝም» ይበሉ። አስተርጓሚ ከፈለጉ ቀጠሮ ሲይዙ ይንገሩ፤ አይከፈልበትም። ቁስል ወይም የቆዳ ቀለም ለውጥ ካዩ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይደውሉ። ስኳር ባይኖርብዎትም የእግር መደንዘዝ ለጂፒ የሚነገር ነገር ነው።

ቤት ውስጥ ደግሞ ወደ መታጠቢያ ቤት በሚወስደው መንገድ ሌሊት መብራት ይኑር፤ ጠርዙ የተነሳ ምንጣፍም ይነሳ። ልጆች ሆይ፣ የወላጅን እግር ማጠብ የቆየ ወጋችን ነው። ስታጥቡ ጣቶቹን ገለጥ እያደረጋችሁ በመካከላቸው ተመልከቱ፤ እነሱ ያልተሰማቸውን እናንተ ልታዩት ትችላላችሁ።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ደህና ሰንብቱ።