ስለ ፑል ጨዋታ የመክፈቻ ምት

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ በፑል ቤቶች በራፍ ያለፈ ሰው ሁሉ፣ ነጯ ኳስ ዐሥራ አምስቱን ኳሶች ስትበትን የሚሰማውን ድምፅ ያውቀዋል፤ ብዙ ወላጆችም ይህን ድምፅ የሥራ ፈትነት አዋጅ አድርገው ስለሚቈጥሩት፣ የፑል ቤት ሁሉ ቢዘጋ ደስ ይላቸዋል። እኔ ግን ጨዋታው ያለ መምህርና ያለ ሥርዓት ስለ ተተወ እንጂ በባሕርዩ ክፉ ስለ ሆነ አልተበላሸም እላለሁ፤ ለዚህም ምስክሬ ራሱ የመክፈቻው ምት ነው።

ወጣኒው ተጫዋች የዚህ ምት ምሥጢር በክንድ ብርታት ብቻ ያለ ስለሚመስለው፣ ትከሻውን አወናጭፎ፣ ከወገቡም ቀና ብሎ ዘንጉን ይሰነዝራል፤ ነገር ግን የዘንጉ ጫፍ ከነጯ ኳስ መካከል ጥቂት እንኳ ፈቀቅ ካለ፣ ኳሷ የፊተኛዋን ኳስ በጎኗ ትመታና ኀይሏ በከንቱ ይባክናል፤ አንዳንዴም ራሷ ተስፈንጥራ ቀዳዳ ትገባለች። የዘንጉ ኋላ ከልክ በላይ ከፍ ያለ እንደ ሆነም፣ ነጯ ከጨርቁ ላይ እየነጠረች ስለምትሄድ ግጭቱ ሙሉ አይሆንም። አዋቂው ተጫዋች ግን አስቀድሞ የዘንጉን ጫፍ ጠመኔ ይቀባል፣ እግሩን ያጸናል፣ ዘንጉን በተቻለ መጠን ከጠረጴዛው ጋር ያስተካክላል፤ ከዚያም በዝግታ ወደ ኋላ ስቦ፣ ዐይኑን ከፊተኛዋ ኳስ ሳያነሣ፣ እየፈጠነ በሚሄድ አንድ ወጥ ምት ይለቅቀዋል። ምቱ ርቱዕ ሲሆን ነጯ ከኳሶቹ ተመልሳ በጠረጴዛው መካከል አካባቢ ታርፋለች።

ፍጥነት አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ የኳስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የምትሸከመው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናልና። ዳሩ ግን ይህ ጉልበት ለኳሶቹ የሚደርሰው በቅን መንገድ ሲሄድ ብቻ ስለ ሆነ፣ ተማሪው በመጀመሪያ በለዘብተኛ ምት ነጯን በመካከል ማሳረፍን ይልመድ፤ ይህ ከጸናለት በኋላ ኀይሉን በየጥቂቱ ይጨምር፤ ነጯ መሳት በጀመረች ጊዜም ወደ ቀደመው ልኩ ይመለስ። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ጋስፓር ጉስታቭ ኮሪዮሊስ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1835 ስለ ቢሊያርድ ኳሶች እንቅስቃሴ ሙሉ መጽሐፍ መጻፉ፣ ነገሩ ለሊቃውንት ሐተታ የሚበቃ ጥበብ መሆኑን ያስረዳል።

የፑል ቤቱ ባለቤትም ድርሻ ቀላል አይደለም። ኳሶቹ ሲደረደሩ በመካከላቸው ክፍተት ካለ የምቱ ጉልበት እኩል አይዳረስም፤ ጨርቁ ከተቀደደ ወይም ጠረጴዛው ካዘመመ ደግሞ የወጣቱ ትጋት ፍሬ ያጣል።

ጨዋታን በሥርዓት መምራት ለጉራጌ ምድር እንግዳ ነገር አይደለም። በሰባት ቤት ጉራጌ መንደሮች ያለው ሰፊው ጀፎረ፣ ለልቅሶና ለሠርግ፣ ለልጆችም ጨዋታ የሚያገለግል የጋራ ሜዳ ሲሆን፣ ማንም አጥሩን ገፍቶ እንዳያጠበው ባህላዊው ሕግ ሲጠብቀው ኖሯል። አባቶች ለጨዋታ ስፍራ ሕግ ካበጁለት፣ ልጆቻቸው ለፑል ቤት ሕግ ማበጀት አያቅታቸውም። ፑል ቤትም በራሱ ወጣትን እንደማያበላሽ ምሳሌ አለን፤ ፊሊፒናዊው ኤፍረን ሬየስ በማኒላ በአጎቱ ፑል ቤት አድጎ፣ በአውሮፓውያኑ 1999 የዓለም የዘጠኝ ኳስ ሻምፒዮን ለመሆን በቅቷል።

ስለዚህ የወልቂጤና የቡታጅራ ከተሞች አስተዳደሮች፣ ፑል ቤቶች ከትምህርት ቤት እንዲርቁ፣ በትምህርት ሰዓት ተማሪ እንዳያስገቡና ቁማር እንዳይፈቅዱ ያድርጉ፤ ይህን ሕግ ያከበረውን ቤት ግን ከመዝጋት ይልቅ የውድድርና የመማሪያ ስፍራ እንዲሆን ይርዱት። እናንተም ወጣቶች፣ አጥብቃችሁ ከመምታታችሁ በፊት አቅንታችሁ መምታትን ተማሩ።